«ባክቴሪያው እምቢ አለኝ» ላሉት ጠያቂ፦ ሦስተኛውን ዙር ከመጀመርዎ በፊት

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው።

«ዶክተር፣ 36 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ከዓመት በፊት በደም ምርመራ የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ ተብዬ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለ14 ቀን ወሰድኩ። ከሦስት ወር በኋላ ደሜ ሲታይ አሁንም ፖዘቲቭ ነው ተባልኩ። ያንኑ መድኃኒት ለ10 ቀን ደገምኩት። ባለፈው ሳምንት ስመረመር ዛሬም ፖዘቲቭ ነው። ልቤ ሥር ይነፋኛል፣ ጥቂት ጉርሻ በልቼ እጠግባለሁ፣ ያቅለሸልሸኛል። ሲብስብኝ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። በርበሬ፣ ቡናና ሽሮ ካቆምኩ ቆየሁ። አሁን ሦስተኛ ዙር ጀምሪ ተብያለሁ። ባክቴሪያው ለምን እምቢ አለኝ? ካንሰር ይሆንብኛል? ልጆቼንስ ላስመርምር?»

ሦስተኛውን ዙር አሁን አይጀምሩ። መጀመሪያ ባክቴሪያው (ስሙ ኤች ፓይሎሪ ነው) በእርግጥ አለ ወይስ የለም የሚለው ይታወቅ። እስካሁን የተደረጉልዎት ምርመራዎች ይህን ሊነግሩዎት አይችሉም። ምናልባት በመጀመሪያው ዙር ጠፍቷል። ምናልባትም እስከዛሬ አለ። እጅዎ ላይ ያለው ወረቀት ሁለቱን አይለይም።

ለምን መሰለዎት? የደም ምርመራው ባክቴሪያውን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነትዎ ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ባክቴሪያው ስለሞተ ብቻ አንቲቦዲው ወዲያው ከደም አይጠፋም። ወራት ይቆያል፤ ብዙ ሰው ላይ ደግሞ ዓመታት። ሌባው ከሄደ በኋላም ዘበኛው ከበሩ አልነሳም ማለት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለውን በዚህ ምርመራ ማወቅ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ ሐኪሞች የማስትሪክት ስድስተኛ ስምምነትም፣ በ2024 የወጣው የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያም በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ናቸው። ከሕክምና በኋላ የደም አንቲቦዲ አይታዘዝም።

የመጀመሪያው የደም ምርመራዎ ግን ከንቱ ነበር አልልም። ኤች ፓይሎሪ አንዴ ጨጓራ ውስጥ ከገባ ካልታከሙት በስተቀር አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ታክሞ በማያውቅ ሰው ላይ አንቲቦዲ ከተገኘ ባክቴሪያው አሁንም ያለ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከዚህ የተሻለ ምርመራ በሌለበት ቦታ ያንን ይዞ ማከም ሊያስማማ ይችላል። የሚያናድደኝ ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። አንድ ዙር አንቲባዮቲክ በሙሉ በማይመልስ ምርመራ ላይ ተመሥርቶ ተሰጠዎት። አሁን ሌላ ሊጨመር ነው። በክሊኒክ በየቀኑ ከማያቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ጥፋቱም የሕመምተኛው አይደለም።

የላብራቶሪ ወረቀትዎን አውጥተው ይዩት። ከባክቴሪያው ስም ቀጥሎ በላቲን ፊደል «ኤ» እና «ቢ» ተጽፎ ከሆነ፣ ወይም «ሴረም» ካለ፣ ወይም «አይ ጂ ጂ» የሚል ካዩ፣ ያ አንቲቦዲ ነው። «ኤ» እና «ጂ» ከሆነ ግን አንቲጅን ነው፤ እሱ የሚሠራው በሰገራ ነው። ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው።

የሰገራ አንቲጅን ምርመራ የባክቴሪያውን የራሱን ፕሮቲን ይፈልጋል። ባክቴሪያው ከሌለ ፕሮቲኑም የለም። ሲያስመረምሩ ላብራቶሪውን «ሞኖክሎናል ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። በዚህ መንገድ የተሠሩት ኪቶች ከቀድሞዎቹ የበለጠ አስተማማኝ ናቸው። ናሙናው ትኩስ ይሁን፤ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ፣ ከሽንት ጋር ሳይቀላቀል፣ በዚያው ቀን ይድረስ። ተቅማጥ ላይ ከሆኑ እስኪሻልዎት ይጠብቁ፤ ሰገራው ውሃ ሲሆን የምርመራው ትክክለኛነት ይቀንሳል።

ሌላው የትንፋሽ ምርመራ ነው። አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች ሐኪማችሁን ብትጠይቁ ይህን የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። ባዶ ሆድ ሄደው መጀመሪያ አንድ ከረጢት ውስጥ ይተነፍሳሉ። ከዚያ ዩሪያ ያለበት ፈሳሽ ይጠጣሉ። ዩሪያው ውስጥ ያለው ካርቦን 13 የተባለ፣ ጨረር የሌለው ዓይነት ነው። ኤች ፓይሎሪ ዩሪያን የሚሰባብር ዩሪዬዝ የተባለ ኢንዛይም አለው። በዚያ ኢንዛይም አሞኒያ እየሠራ ነው በጨጓራ አሲድ መሃል የሚኖረው። ባክቴሪያው ካለ ዩሪያው ይሰበራል፤ ምልክት የተደረገበት ካርቦን በደም አድርጎ በሳንባ ይወጣል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተው ሁለተኛ ከረጢት ውስጥ ይተነፍሳሉ፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። መርፌ የለም፣ ቱቦ የለም።

አሁን ዋናው ነገር። ሁለቱም ምርመራዎች በተሳሳተ ጊዜ ከተሠሩ ያታልላሉ። አንቲባዮቲክ ወይም ቢስሙት የተባለውን የጨጓራ መድኃኒት ከጨረሱ ቢያንስ 4 ሳምንት ማለፍ አለበት። እርስዎ ይህን ካለፉ ወራት ሆኗል። የሚያሳስበኝ ኦሜፕራዞሉ ነው። ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ እነዚህ የአሲድ መቀነሻዎች ሁሉም ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ቁጥሩን ያሳንሱታል። ያኔ ምርመራው ያለውን «የለም» ይላል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ቢያንስ 2 ሳምንት መቆም አለበት። «ሲብስብኝ ብቻ» የሚወስዱትም ይቆጠራል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቃሩና ሕመሙ ሊነሳብዎት ይችላል፤ አሲዱ ከታፈነበት ሲለቀቅ ለጥቂት ቀን መብዛቱ የተለመደ ነው። የሚታኘከውን ወይም የሚጠጣውን አንታሲድ መጠቀም ይችላሉ። ነገር ግን ደም መድማት ያለበት አልሰር (የጨጓራ ቁስል) ተገኝቶብዎት ከነበረ ወይም አስፕሪን ዘወትር የሚወስዱ ከሆነ ኦሜፕራዞሉን በራስዎ አያቁሙ። ሐኪምዎን ያማክሩ።

ውጤቱ ፖዘቲቭ ሆነ እንበል። ያኔ «ለምን እምቢ አለ?» የሚለው ጥያቄ ቦታውን ያገኛል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ መድኃኒቱ በትክክል አልተወሰደም፣ ወይ ባክቴሪያው ለአንቲባዮቲኩ ተለማምዷል።

የእርስዎ ሦስት መድኃኒት ምናልባት ክላሪትሮማይሲን፣ አሞክሳሲሊንና ኦሜፕራዞል ነበር። ይህ ስብስብ ለዓመታት በዓለም ዙሪያ የመጀመሪያ ምርጫ ነበር። አሁን ብዙ አገር ውስጥ ኃይሉን አጥቷል። የማስትሪክት ሐኪሞች ክላሪትሮማይሲንን የሚቋቋመው ባክቴሪያ ከ15 በመቶ በላይ በሆነበት አካባቢ፣ ሳይመረመር ይህን ስብስብ አትስጡ ይላሉ። የ2024ቱ የአሜሪካ መመሪያም ባክቴሪያው ለክላሪትሮማይሲን እንደሚሸነፍ ሳይረጋገጥ አትጠቀሙበት ይላል። እና አንድ ጊዜ ክላሪትሮማይሲን ወስደው ካልዳኑ፣ ያንኑ ስብስብ መድገም ዋጋ የለውም። የተረፈው ባክቴሪያ የተረፈው ተቋቁሞት የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። የእርስዎ ሁለተኛ ዙር ያው መድኃኒት፣ ያውም በአጠረ ቀን ነበር። ባክቴሪያው ያኔ ከነበረ፣ ያ ዙር ይሠራል ብዬ አልጠብቅም።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ነገር ላንሳ። በሕይወትዎ ስንት ጊዜ «አሜባ ነው»፣ «ጃርዲያ ነው» ተብለው ሜትሮኒዳዞል ወስደዋል? ብዙ ሰው ቁጥሩን አያስታውስም። ያን ሁሉ ጊዜ ጨጓራ ውስጥ የተቀመጠው ኤች ፓይሎሪ መድኃኒቱን አብሮ ቀምሷል። በአፍሪካ ለሜትሮኒዳዞል ያለው መላመድ ከፍተኛ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለሳልና ለጉንፋን የሚዋጠው አዚትሮማይሲንም የክላሪትሮማይሲን ዘመድ ነው። አንዱን የተቋቋመ ባክቴሪያ ሌላውንም ይቋቋማል። ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲሄዱ የጨጓራ መድኃኒቱን ብቻ አይናገሩ። ያለፉትን ዓመታት አንቲባዮቲክ በሙሉ፣ የሚያስታውሱትን ያህል፣ ይንገሩ። ቀጣዩን ሕክምና የምንመርጠው በዚያ ነው።

ክላሪትሮማይሲን ካልሠራ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው አራት መድኃኒት ያለበት ስብስብ ነው። ቢስሙት፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና የአሲድ መቀነሻ፣ ለ14 ቀን። የአሜሪካው መመሪያ ታክሞ ለማያውቅ ሰውም ጭምር ቀዳሚ ያደረገው ይህን ነው። «ሜትሮኒዳዞልን ተቋቁሟል ካሉ ለምን ይሰጣል?» ሊሉ ይችላሉ። በበቂ መጠን፣ ለ14 ቀን፣ ከቢስሙት ጋር ሲሰጥ መላመዱን በአብዛኛው ያሸንፈዋል። ለክላሪትሮማይሲን ግን ይህ አይሠራም።

ሕክምናው ከባድ ነው፤ አልዋሽዎትም። በቀን ብዙ እንክብል ነው። አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ያቅለሸልሻል። ቢስሙት ሰገራን ያጠቁራል፤ አይደንግጡ። ግን ሬንጅ የሚመስል፣ የሚያጣብቅ፣ ክፉ ሽታ ያለው ሰገራ ከሆነና የማዞር ስሜት ካለበት ያ ደም ሊሆን ይችላል። ቴትራሳይክሊንን ከወተት ወይም ከብረት ክኒን ጋር አይውሰዱ፤ ይተሳሰሩና መድኃኒቱ ወደ ደም አይገባም። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ልሆን እችላለሁ ካሉ ጭራሽ አይጀምሩት። ሜትሮኒዳዞል ላይ እያሉ መጠጥ ይተዉ። ኦሜፕራዞሉን ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይዋጡት፤ አሲዱ ሲቀንስ ነው አንቲባዮቲኮቹ በደንብ የሚሠሩት። ፋርማሲ ውስጥ «ቴትራሳይክሊን የለም፣ ዶክሲሳይክሊን ያው ነው» ቢሉዎት እሺ አይበሉ። ያው አይደለም። ለዚህ ባክቴሪያ ዶክሲሳይክሊን ደካማ ነው። ቢስሙትም ቴትራሳይክሊንም ካልተገኘ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ፤ ሌላ መንገድ አለ። አሞክሳሲሊን መላመድ ብዙም ስለማይታይበት ዳግም ሊጠቀሙበት ይቻላል። ሁለት ትክክለኛ ዙር ካልሠራ ደግሞ በኤንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከጨጓራ ቁራሽ ተወስዶ ባክቴሪያው ለየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ ማየት፣ ይህ ባለበት ቦታ፣ ከመገመት ይሻላል።

አሁን ወደ ሌላው ዕድል እንምጣ። የሰገራው ምርመራ በትክክለኛው ጊዜ ተሠርቶ ኔጋቲቭ ሆነ። ባክቴሪያው ጠፍቷል፤ እርስዎ ግን አሁንም ይነፋዎታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ሐኪሙም አንዳንዴ «ምንም የለሽም» ብሎ ይሸኛል። ይህ ስህተት ነው።

የገለጹት ነገር፣ ጥቂት በልቶ መጥገብ፣ ከምግብ በኋላ መነፋትና ማቅለሽለሽ፣ ባለሙያዎች የተግባር የጨጓራ ሕመም የምንለውን በጣም ይመስላል። ጨጓራው በዓይን ሲታይ ጤነኛ ነው። አሠራሩ ግን ተዛብቷል። ምግብ ሲገባ እንደሚገባው አይለጠጥም፣ ወይም ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው፣ ወይም ነርቮቹ ከልክ በላይ ይሰማቸዋል። ይህ እውነተኛ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው፣ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ሕመሞችን የሚለዩበት የሮም አራተኛ መስፈርት ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 6 ወር የሆነውና ባለፉት 3 ወራት የቆየ እንዲሆን ይጠይቃል። የእርስዎ ይህን ያሟላል።

ባክቴሪያውን ማጥፋት ለዚህ ሕመም ይጠቅማል፤ ግን ብዙዎች የሚጠብቁትን ያህል አይደለም። በርካታ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ባክቴሪያው በመጥፋቱ ብቻ ከሕመሙ የሚፈወሰው ከ14 ሰው ገደማ አንዱ ነው። ይህን ቁጥር ሕመምተኞች መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት ቢሰሙት እወዳለሁ። ከሕክምና በኋላ ሕመሙ ቀጠለ ማለት ባክቴሪያው አለ ማለት አይደለም። ብዙ ያልተፈለገ ሦስተኛና አራተኛ ዙር የሚታዘዘው ይህ ባለመነገሩ ነው።

ታዲያ ምን ይሰጣል? መጀመሪያ የአሲድ መቀነሻ፣ በየቀኑ፣ ለ4 እስከ 8 ሳምንት። ሲያም መዋጥ ሳይሆን ዘወትር። ካልሠራ ይቆማል፤ ለዓመታት አይጎተትም። ቀጥሎ በትንሽ መጠን አሚትሪፕቲሊን ይሞከራል። የድብርት መድኃኒት መሆኑን ሲያነቡ አይከፉ፤ እዚህ የሚሰጠው ለነርቩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት 292 ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ሞክሮት ነበር። አሚትሪፕቲሊን ከወሰዱት 53 በመቶ በቂ እፎይታ አገኙ። ባዶ ክኒን ከወሰዱት 40 በመቶ፣ ኤሲታሎፕራም የተባለውን ሌላ የድብርት መድኃኒት ከወሰዱት ደግሞ 38 በመቶ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ሕመም በሚበዛባቸው ሰዎች ላይ ነበር። መነፋትና ቶሎ መጥገብ ለሚበዛበት ሰው ጨጓራን የሚያንቀሳቅሱ መድኃኒቶች አሉ፤ የጎንዮሽ ጉዳታቸው ስለሚለያይ ያን ከሐኪምዎ ጋር ይምረጡ።

ስለ ምግቡ። በርበሬና ቡና አልሰር ያመጣሉ የሚለው እምነት የቆየ ነው፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። የአልሰር ዋና ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ ይህ ባክቴሪያ፣ እና እንደ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች። ለወገብዎ ወይም ለወር አበባ ሕመም እነዚህን እየወሰዱ ከሆነ ከበርበሬው በፊት የሚቆሙት እነሱ ናቸው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2002 ጣሊያን ውስጥ 30 ሰው ላይ የተሠራ ትንሽ ጥናት ነበር። በቀን 2.5 ግራም ቀይ በርበሬ ዱቄት በእንክብል ለ5 ሳምንት ሰጧቸው። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ትንሽ ባሰባቸው፤ በስተመጨረሻ ግን ባዶ እንክብል ከወሰዱት የበለጠ ቀነሰላቸው። በአንድ ትንሽ ጥናት በርበሬ መድኃኒት ነው አይባልም። ግን እድሜ ልክ አልጫ መብላት አለብኝ ብለው ራስዎን አይቅጡ። አንድ በአንድ ይመልሱት። የሚያምዎትን ነገር ሰውነትዎ ይነግርዎታል። ሽሮ ላይ አልከራከርም፤ ጥራጥሬ ጋዝ ያበዛል፣ መነፋት ያለበት ሰው በትንሽ መጠን ቢበላ ይሻላል። በጾም ጊዜ ውሎ አንድ ጊዜ ብዙ መብላት ለእንደዚህ ዓይነት ጨጓራ ከባድ ነው፤ ሲፈቱ ትንሽ ቀምሰው ቆይተው ይጨምሩ።

ስለ ካንሰር። ፍርሃትዎ መሠረት የለውም አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ነገር ግን ባክቴሪያው ካለባቸው 100 ሰዎች የጨጓራ ካንሰር የሚይዛቸው በሕይወት ዘመናቸው ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ናቸው። ማጥፋቱ ደግሞ ይጠቅማል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ወላጃቸው፣ ወንድማቸው ወይም እህታቸው የጨጓራ ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ተጠንተው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። ከ9 ዓመት ገደማ ክትትል በኋላ ከታከሙት 1.2 በመቶ፣ ካልታከሙት 2.7 በመቶ ካንሰር ተገኘባቸው። ባክቴሪያው በእርግጥ ከጠፋላቸው መካከል ግን 0.8 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው ከሕክምና በኋላ ትክክለኛ ምርመራ ይሠራ ብዬ እንድጨቀጭቅ የሚያደርገኝ። መድኃኒት መዋጥ ብቻውን አይበቃም። ጠፍቷል ወይ የሚለው መታወቅ አለበት። ቤተሰብዎ ውስጥ የጨጓራ ካንሰር ካለ ለሐኪምዎ መንገርዎን አይርሱ።

ልጆቹን፣ የሚያማቸው ነገር ከሌለ፣ አያስመርምሩ። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች መመሪያም ልጆችን ዝም ብሎ መርምሮ ማከምን አይደግፍም። ባክቴሪያው ልጅ ላይ አልሰር የሚያመጣው ከስንት አንዴ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ያስቸግራቸዋል። የእርስዎ የሰገራ ውጤት ፖዘቲቭ ከሆነ አብሮዎት የሚኖር አዋቂ ሰው ቢመረመር ግን ተገቢ ነው፤ የአሜሪካው መመሪያ አሁን ይህን ይመክራል። እጅ በሳሙና መታጠብና ንጹሕ ውሃ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጉርሻ አቁሙ አልልም። ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በልጅነት ነው። በትልቅነት ታክሞ ከጠፋ በኋላ በወራት ውስጥ «ተመለሰ» የሚባለውም በአብዛኛው መጀመሪያውኑ ያልጠፋው ነው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ክብደትዎ ሳይፈልጉት ከቀነሰ፣ ምግብ ሲውጡ ከያዘዎት፣ ደጋግሞ ካስመለሰዎት፣ ደም ማነስ ከተገኘብዎት፣ ወይም ቅድም ያልኩት ጥቁር ሰገራ ካዩ፣ የሰገራ ምርመራውን አይጠብቁ። ቀጥታ ወደ ኤንዶስኮፒ ይሂዱ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ በእርስዎ ዕድሜ ኤንዶስኮፒው አያስቸኩልም። ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎንና ወደ ትከሻ የሚሄድ፣ በተለይ ቅባት ከበሉ በኋላ ለሰዓታት የሚቆይ ከሆነ ደግሞ የሐሞት ጠጠር ሊሆን ስለሚችል አልትራሳውንድ ይታዘዝልዎት።

እንግዲህ፣ ከላይ ያልኩት የሚደማ አልሰር ወይም አስፕሪን ከሌለ፣ ዛሬ ኦሜፕራዞሉን ያቁሙ፤ ቀኑን ይጻፉት። ከ2 ሳምንት በኋላ የሰገራ አንቲጅን ያሠሩ። ውጤቱን፣ የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ስምና የቀን ብዛት፣ ካሉም ባዶ ፓኬቶቹን ይዘው የጨጓራና አንጀት ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ውጤቱ ኔጋቲቭ ከሆነ ለባክቴሪያው ተብሎ ሌላ አንቲባዮቲክ አይቀበሉ።